አንድ እጢ፣ ሁለት በሽታ

ዛሬ ስለ ፕሮስቴት ጮክ ብለን እንነጋገራለን። ጮክ ብለን ያልኩት ወንዶች ይህን ጉዳይ ሐኪም ፊት እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለሚያነሱት ነው፤ አንዳንዱ ሰው ስለ ጉንፋን፣ ስለ ጨጓራ፣ ስለ ደም ግፊት አውርቶ ከጨረሰ በኋላ በሩን ሊከፍት ሲል ዞር ብሎ «ሽንትም ትንሽ ያስቸግረኛል» ይላል። ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ከአንድ ታዋቂ ሰው ልጀምር። በ1985 መገባደጃ ኔልሰን ማንዴላ የ67 ዓመት እስረኛ ነበሩ። ፕሮስቴታቸው አድጎ ስለነበር ከፖልስሙር እስር ቤት ወጥተው ኬፕ ታውን ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። በዚያ ሳሉ የፍትሕ ሚኒስትሩ ኮቢ ኩትሲ ሳይጠበቁ ሊጠይቋቸው መጡ፤ በኋላ ወደ ድርድር ላመራው ንግግር መንገድ ከጠረጉት ነገሮች አንዱ ያ ጥየቃ ነበር። ስለ ድርድሩ የታሪክ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል። የእኔ ጉዳይ ከእጢው ጋር ነው። ምክንያቱም ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ2001፣ ማንዴላ 83 ዓመት ሲሞላቸው፣ ሐኪሞች በዚያው እጢ ውስጥ ካንሰር አገኙ። ለሰባት ሳምንታት የጨረር ሕክምና ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ 12 ዓመት ኖረው በ95 ዓመታቸው ያረፉት ለረጅም ጊዜ ባስቸገራቸው የሳንባ ኢንፌክሽን ነበር።

አንድ ጊዜ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ፕሮስቴት እንዴት ተመልሶ ካንሰር ይይዘዋል? ይህን ጥያቄ የሚያነሱ ብዙ ናቸው፤ ፈጽሞ ሳያነሱት «እኔ ፕሮስቴቴን አስወጥቻለሁ፤ ከእንግዲህ አያሳስበኝም» ብለው የሚኖሩት ግን ይበልጣሉ።

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር፣ ከትልቁ አንጀት መጨረሻ ፊት ለፊት የተቀመጠ እጢ ነው። በጎልማሳ ወንድ 20 ግራም ያህል ይመዝናል። ሥራው ለወንድ የዘር ፈሳሽ ድርሻውን ማዋጣት ነው፤ ሽንት ማጣራት የእርሱ ሥራ አይደለም። ጣጣው የመጣው ከአቀማመጡ ነው፤ የሽንት ቧንቧው መሐል ለመሐል ሰንጥቆት ያልፋል። ወንድ ከአርባ ዓመቱ በኋላ ዕድሜው ሲገፋ ቧንቧውን የከበበው የውስጠኛው ክፍል ቀስ በቀስ ያድጋል፤ ስድሳን ካለፉት ቢያንስ ግማሾቹ ይህ እድገት አለባቸው። ያደገው ክፍል ቧንቧውን ሲጫነው ሽንቱ ይዘገያል፣ ይቀጥናል፣ ይቆራረጣል፣ ሌሊት ሁለቴ ሦስቴ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ይህ ካንሰር አይደለም። ወደ ካንሰርም አይለወጥም።

ካንሰሩ ግን ብዙውን ጊዜ፣ ከአሥሩ ሰባቱን ያህል፣ የሚነሳው ከውጨኛው ክፍል ነው። ብርቱካን ቆርጠን ሥጋውን በማንኪያ ብናወጣው ልጣጩ እንደሚቀር ሁሉ፣ ሽንት ለማስለቀቅ የሚደረገው ቀዶ ሕክምናም የውስጡን አውጥቶ ውጨኛውን ይተወዋል። ካንሰር የሚወደው ቦታ እዚያው አለ ማለት ነው። ይህ ቦታ ደግሞ ከሽንት ቧንቧው የራቀ ስለሆነ፣ ካንሰሩ ገና ትንሽ ሳለ ቧንቧውን አይነካውም፤ ባለቤቱም ምንም አይሰማውም።

የንግግሬ ፍሬ ነገር እንግዲህ ይህ ነው፦ ሽንት ያስቸገረው ሰው ብዙውን ጊዜ ካንሰር የለበትም፤ ገና ሊድን የሚችል ካንሰር ያለበት ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሽንት አላስቸገረውም። ሁለቱን በሽታዎች አንድ አድርገን ስለምናይ፣ መደንገጥ በማይገባን ቦታ ደንግጠን፣ መጠየቅ በሚገባን ቦታ ዝም እንላለን።

ስለ እድገቱ ጥቂት ልበልና ልለፈው። ረጅም መንገድ በአውቶቡስ የሚሄዱ አባቶች ከዋዜማው ጀምረው ውኃ ይተዋሉ፤ ለቅሶ ቤትም ማኅበርም ሲሄዱ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ለዚህ መድኃኒት አለው። ታምሱሎሲን የሚባለው ክኒን የፊኛውን አፍና የእጢውን ጡንቻ አላልቶ በቀናት ውስጥ ያቀልላል፤ ፊናስተራይድ ደግሞ እጢውን በወራት ውስጥ ያኮማትራል። ካልሆነም ቀዶ ሕክምና አለ። ይህን ችግር ይዞ መቆየት የሚያስከትለው አደጋ አንድ ሌሊት ሽንት ፈጽሞ አልወርድ ማለቱ፣ ሲብስም ኩላሊትን መጉዳቱ ነው። ደግሞ የታፈነ አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች ፕሮስቴቱ ያደገ ሰው ላይ ሽንት ሊዘጉ ይችላሉ፤ ከፋርማሲ ስትገዙ ጠይቁ።

አሁን ወደ ካንሰሩ እንምጣ። በዓለም ላይ በ2022 ብቻ 1.5 ሚሊዮን ያህል ወንዶች የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለባቸው ታውቋል፤ ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ሞተውበታል። ዋናው አጋላጭ ዕድሜ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ዘር ይመጣል፤ አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው ዕድሉ ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ብዙዎች የማያውቁት ግን የእናትና የእኅት ታሪክም እንደሚቆጠር ነው። የጡትና የእንቁላል ማምረቻ (ኦቫሪ) ካንሰር የሚያመጣው ቢ አር ሲ ኤ 2 የተባለው የዘር ለውጥ ለወንድ ልጅም ይተላለፋል፤ በወንዱም ላይ ቶሎ የሚመጣና ጠንከር ያለ የፕሮስቴት ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ሐኪም «በቤተሰብ ካንሰር አለ ወይ?» ሲላችሁ ሴቶቹንም ቁጠሩ።

በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በሽታው ይበዛባቸዋል፤ በሕይወት ዘመናቸው ከስድስቱ አንዱ ይያዛል፤ በበሽታው የመሞት መጠናቸውም ከነጮቹ ሁለት እጥፍ ያህል ነው። አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሐኪም ቤት ሲገቡ በዚህ ቁጥር ውስጥ ይደመራሉ። እኔ እዚህ ላይ ጥንቃቄ አደርጋለሁ። እነዚያ ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት የትውልድ ሐረጋቸው ከምዕራብ አፍሪካ በሚመዘዝ ሰዎች ላይ ነው፤ ቁጥሩን እንዳለ አንሥቶ ለጎንደሬውም ለሐረሬውም መስጠት አይቻልም። «እኛን አይመለከተንም» ብሎ መተኛትም እንዲሁ አይቻልም።

ምልክት ከሌለው በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ ፒ ኤስ ኤ የሚባለው የደም ምርመራ ይመጣል። ፒ ኤስ ኤ ፕሮስቴት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው፤ ሥራው የዘር ፈሳሹን ማቅጠን ነው። ጥቂቱ ወደ ደም ይገባል። በ1979 አሜሪካ ቡፋሎ ከተማ በሚገኘው የሮዝዌል ፓርክ የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች ለይተው አወጡት፤ በ1994 የአሜሪካ መንግሥት ካንሰርን ለመፈለግ እንዲውል ፈቀደ። ስሙ ከካንሰር ጋር ስለተያያዘ ብቻ ሰው የካንሰር ምርመራ ይመስለዋል እንጂ፣ የሚለካው የእጢውን ሁኔታ ነው። እጢው ሲያድግ ይጨምራል። ኢንፌክሽን ሲኖር ይጨምራል። ሽንት ሲዘጋና ቱቦ ሲገባ ይጨምራል። ግንኙነት ከተደረገ በኋላም ለአንድ ሁለት ቀን ከፍ ሊል ይችላል። ትናንት ሌሊት ሽንት ዘግቶበት ቱቦ የገባለት ሰው ዛሬ ጧት ፒ ኤስ ኤ ተለክቶለት ውጤቱ 30 ቢሆን፣ ቤተሰቡ ማልቀስ መጀመር የለበትም፤ ሳምንታት አልፈው ይደገምለት። ፊናስተራይድ የሚወስድ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ቁጥሩ በግማሽ ያህል ስለሚወርድ፣ መድኃኒቱን እንደሚወስድ ካልተናገረ ሐኪሙን ያሳስታል።

ላቦራቶሪዎች «ከ4 በታች ደኅና» ብለው ያትማሉ። ይህች 4 ብዙ ሰው ያለ ምክንያት አስደንግጣለች፤ ያለ ምክንያት ያረጋጋችውም አለ። በ2004 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ቁጥራቸው ከ4 ያልበለጠ ወንዶችን ናሙና ወስዶ ሲመረምር ከመቶው 15ቱ ላይ ካንሰር አግኝቷል። ከአንዷ ቁጥር ይልቅ በየጊዜው የሚታየው አካሄድ ይበልጥ ይናገራል። ዛሬ አቅሙ ባለበት አገር ቁጥሩ ሲያሳስብ ቀጥታ ወደ ናሙና መውሰጃው መርፌ አይኬድም፤ መጀመሪያ ኤም አር አይ ይነሣል፤ የሚያጠራጥር ቦታ ከታየ ናሙናው ከዚያ ላይ ይወሰዳል።

የጣት ምርመራውንም ሳላነሳው ላልፍ አልችልም፤ አብዛኛው ወንድ ከሐኪም የሚሸሸው በእርሱ ምክንያት ነውና። ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ በፊንጢጣ በኩል የእጢውን ጀርባ ይዳስሳል። አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ቅድም ካንሰሩ የሚወደው ውጨኛው ክፍል ነው አላልኩም? ጣት የሚደርሰው እዚያ ነው። ትንሿን ካንሰር ጣት ላያገኛት ይችላል፤ ለዚህ ነው ከደሙ ምርመራ በኋላ ሁለተኛ የሆነው። የደም ምርመራ በሌለበት ጤና ጣቢያ ግን ጣት የማይናቅ መሣሪያ ነው።

እንግዲህ ሁሉም ወንድ ይመርመር? እዚህ ላይ ሐኪሞች ለሠላሳ ዓመት ተከራክረዋል። በአውሮፓ በ1990ዎቹ የተጀመረ፣ ከ160 ሺህ በላይ ወንዶችን የያዘ ጥናት 23 ዓመት ተከታትሎ ያገኘው ይህ ነው፦ ለፒ ኤስ ኤ ምርመራ የተጋበዙት ወገኖች በፕሮስቴት ካንሰር መሞታቸው ካልተጋበዙት በ13 በመቶ ያንሳል። በሰው ቁጥር ሲተረጎም 456 ወንዶች ሲጋበዙ አንድ ሞት ይቀራል፤ ያን አንዱን ለማትረፍም በተጨማሪ 12 ሰዎች ካንሰር አለባችሁ ይባላሉ። ከአሥራ ሁለቱ ብዙዎቹ ሳያውቁት ኖረው በሌላ ምክንያት በዕድሜያቸው ይሞቱ ነበር። የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል በ2012 «አትመርምሩ» ብሎ፣ በ2018 ሐሳቡን ለውጦ «ከ55 እስከ 69 ዓመት ያለ ወንድ ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ይወስን፤ ከሰባ በላይ ያለው ግን ይቅርበት» አለ። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በግንቦት 2025 በ82 ዓመታቸው ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ገብቶ ሲገኝባቸው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ፒ ኤስ ኤ የተለኩት በ2014 እንደነበር ተነግሯል። በመመሪያው ከሄድን የተሠራ ስሕተት የለም። መመሪያ ለብዙ ሰው የሚጻፍ ነገር ነው፤ አንዱ ሰው ያመልጠዋል።

የእኔ ምክር፦ ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ በቤተሰቡ በሽታው ያለበት ደግሞ ከ45 ጀምሮ፣ ሽንቱ ደኅና ሳለ ሐኪሙን ይጠይቅ። ምርመራው ግዴታ ነው አልልም። ከመመርመሩ በፊት ግን «ካንሰር ተገኝቶብኝ፣ አይነካ፣ ጠብቅ ብባል መጠበቅ እችላለሁ ወይ?» ብሎ ራሱን ይመርምር። መጠበቅ የማይችል ሰው ጉዳቱ ይበዛበታል።

መጠበቅ ስል ለቀልድ አይደለም። የተወሰደው ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ በ1960ዎቹ ዶናልድ ግሊሰን የተባሉ የሚኒያፖሊስ ፓቶሎጂስት ባወጡት መለኪያ ከ6 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል። ስድስት ያገኘ ዝግ ያለ ነው፤ ዘጠኝና አሥር ያገኘ የሚጣደፍ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ካንሰራቸው ከእጢው ያልወጣ 1,643 ወንዶች በዕጣ በሦስት ተመደቡ፤ አንዱ ወገን በክትትል ቆየ፣ አንዱ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ አንዱ ጨረር ተሰጠው። በ2023 የ15 ዓመቱ ውጤት ሲታተም በሦስቱም ወገን ከመቶው 97 ያህሉ በዚህ ካንሰር አልሞቱም ነበር። ልዩነት የለም ማለት ግን አይደለም፤ በክትትል ከቆዩት ከመቶው ዘጠኙ ላይ በሽታው ወደ ሌላ አካል ሲዛመት፣ በታከሙት ላይ አምስት ያህሉ ላይ ነው የተዛመተው። በታከሙት ወገኖች ደግሞ ሽንት ያመለጣቸው፣ ብልታቸው አልቆም ያላቸው ይበዛሉ። ዝግ ያለ ካንሰር የተገኘበት የሰባ ዓመት ሰው ቤተሰቡ «ዛሬውኑ ይቆረጥ» ብሎ ሲያጣድፈው ባየሁ ቁጥር ይህን ጥናት አነሣለታለሁ።

ስለ ብልት መቆም ካነሣን፣ ድሮ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወንድ ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ያጣ ነበር። ይህን የሚያስችሉት ነርቮች የት እንዳሉ በውል የሚያውቅ አልነበረም። በ1981 የጆንስ ሆፕኪንሱ ሐኪም ፓትሪክ ዎልሽ ወደ ሆላንድ፣ ላይደን ከተማ ሄዱ፤ እዚያ ፒተር ዶንከር የተባሉ ጡረታ የወጡ ፕሮፌሰር ሞተው የተወለዱ ሕፃናትን አስከሬን እያጠኑ አገኟቸው። በሕፃን አካል ነርቮቹ ጎላ ብለው ይታያሉ። ሁለቱ አብረው ተቀምጠው ነርቮቹ ከፕሮስቴቱ ውጭ፣ በጎንና ጎኑ እንደሚያልፉ አዩ። በ1982 ዎልሽ ነርቮቹን ሳይነካ እጢውን አወጡ። ዛሬም ውጤቱ በሐኪሙ ልምድ፣ በበሽተኛው ዕድሜና በካንሰሩ ስፋት ይወሰናል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪማችሁን «ስንት ሠርተሃል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ነውር አይደለም።

በአገራችን ያለው ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው፤ ሰው የሚመጣው ዘግይቶ ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ከእጢው ሲወጣ የሚወደው አጥንትን ነው፤ በተለይ የታችኛውን የጀርባ አጥንትና ዳሌን። ወገቡን ያመመው አባት «ኩላሊቴ ነው»፣ «ብርድ ገብቶኝ ነው» ይላል፤ ቤቱም ያምነዋል። ጸበል ይጠመቃል፤ ወጌሻ ይጠራል። ጸበሉን አልቃወምም፤ ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሁን። ወጌሻውን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ካንሰር ያላላውን የጀርባ አጥንት ማሸትና መጫን ሊሰብረው ይችላል። ሌሊት የሚብስ፣ ተኝቶም የማይተው የወገብ ሕመም ያለበት ዕድሜው የገፋ ወንድ ፒ ኤስ ኤው ይታይ። እግሩ ከከዳው፣ ከደነዘዘው፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው ካንሰሩ ሕብለ ሰረሰሩን ተጭኖታል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ሲነጋ እንወስደዋለን አይባልም።

አጥንት ውስጥ ገባ ማለትም አበቃለት ማለት አይደለም። የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ሚተራን በ1981 በተመረጡ በወራት ውስጥ ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ገብቶ ተገኘባቸው። ከዚያ በኋላ ከ13 ዓመት በላይ በሥልጣን ላይ ቆይተው፣ ከሥልጣን በወረዱ በወራት ውስጥ በጥር 1996 አረፉ። ለሕዝብ በየጊዜው የሚወጣው የጤና መግለጫቸው ለዓመታት ይህን ሸሽጓል፤ እርሱ የፈረንሳዮች ክርክር ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ዓመቱ ነው።

ይህን ካንሰር የሚመግበው የወንድ ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮን፣ መሆኑን በ1941 ቺካጎ ላይ ያሳዩት ቻርልስ ሃጊንስ ናቸው፤ ለዚህም በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሆርሞኑ ሲቋረጥ ካንሰሩ ይኮማተራል፤ ሕመሙም አንዳንዴ በቀናት ውስጥ ይቀላል። መቋረጫው ሁለት ነው፦ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚሰጥ መርፌ፣ አለዚያም የዘር ፍሬዎችን በትንሽ ቀዶ ሕክምና ማውጣት። መርፌው ውድ ነው፣ አንዳንዴም ይጠፋል፤ ከክልል እየተመላለሱ መወጋትም ለገበሬው ከባድ ነው። ቀዶ ሕክምናው አንዴ ተሠርቶ ያበቃል፤ ውጤቱም ከመርፌው አያንስም። ወንዶች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይለዋወጣል፤ እረዳቸዋለሁ። የምነግራቸው መርፌውም የሚያደርገው ያንኑ መሆኑን ነው፤ ትኩሳቱ፣ የፍላጎት መጥፋቱ፣ የአጥንት መሳሳቱ በሁለቱም አለ። ውሳኔው ሲወሰን ሚስት አብራ ብትሰማ መልካም ነው።

የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወረፋውም የታወቀ ነው። አሁን ከአዲስ አበባ ውጭም መከፈት ጀምሯል።

መከላከልስ? ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጡትን የቫይታሚን ጠርሙሶች ላንሣ። በ2001 የተጀመረ፣ ከ35 ሺህ በላይ ወንዶችን የያዘ ጥናት ቫይታሚን ኢ እና ሴሊኒየም ፕሮስቴትን ይጠብቁ እንደሆነ ፈተሸ። በ2008 ጥቅም ስለታጣበት ክኒኑ ቆመ፤ በ2011 ሲታይ ጭራሽ ቫይታሚን ኢ ብቻውን የወሰዱት በ17 በመቶ የበለጠ ተይዘው ነበር። ልጃችሁ አስባ የላከችውን ጠርሙስ አመስግናችሁ አስቀምጡት። የዱባ ፍሬ ብትበሉ አይጎዳችሁም፤ የካንሰር መድኃኒት ግን አይደለም። ክብደት መቀነስ፣ መንቀሳቀስና ሲጋራ መተው ካንሰሩ እንዳይነሣ ዋስትና አይሆኑም፤ ወፍራሙና አጫሹ ከተያዘ በኋላ በበሽታው የመሞት ዕድሉ ከፍ እንደሚል ግን በተደጋጋሚ ታይቷል። ልብንም ይጠብቃሉ፤ የፕሮስቴት ካንሰር ካለበት ሰው ውስጥ በልብ የሚሞተው ጥቂት አይደለም።

ጥያቄ አሁን እንቀበላለን። በማይክራፎን መጠየቅ የከበደው በወረቀት ይላክልኝ፤ ስም አያስፈልግም። ዕድሜያችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ግን ጻፉ፤ የ48 ዓመቱና የ78 ዓመቱ ሰው አንድ ጥያቄ ቢጠይቁኝ የምሰጣቸው መልስ አንድ አይደለም።